መቅደላ ከደሴ ሲታይ

በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ላይ፣ ከስደት በተመለስን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ የደሴና የኮምቦልቻ አማኞች አንድ ላይ የጸሎት ጊዜ ነበረን። በጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ግማሾቻችን በሐረጎ ቁልቁለት ወርደን በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ሸሽተን ነበር። ግማሾቻችን ደግሞ ሽማግሌና ሕመምተኛ ይዘን እዚያው ቀረን። ስንገናኝ በሩ የተሰበረበት፣ ሱቁ የተዘረፈበት፣ ልጁን የቀበረ ሁሉ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚጸለየው ጸሎት ምን እንደሚመስል የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

አንድ ወጣት ወንድም ተነሥቶ ጸለየ። እያለቀሰ ነበር። «ጌታ ሆይ፣ ይህችን አገር አንድ የሚያደርግ፣ ጠላት ስሙን ሲሰማ የሚንቀጠቀጥለት አንድ ቴዎድሮስ አስነሣልን!» አለ። የአሜኑ ድምፅ ቆርቆሮውን አናወጠው። እኛም ማይክ ይዘን ከሁሉ በላይ ጮኸን አሜን ካልነው መካከል ነን።

ጸሎቱ አልቆ ሕዝቡ ሲበተን በተንታ በኩል ተወልደው ያደጉ አንዲት እናት ቀስ ብለው ወደ እኛ መጡ። «ፓስተር፣ እኔ አሜን አላልኩም» አሉ። «ምነው እማማ?» ብንላቸው እጃችንን ይዘው፣ «አብሽር፣ ልጁን አትቆጣው፤ ተቃጥሎ ነው። እናንተ ግን የተማራችሁት ስለ ሽጉጡ ነው። እኔ ያደግሁት ከገደሉ ሥር ነው» አሉን። ሌላ አልጨመሩም። ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ይህንን ጽሑፍ የምንጽፈውም እማማ በሁለት ቃል የነገሩንን ነገር በአግባቡ ለማሰብ ነው።

እውነቱን ለመናገር ቴዎድሮስን አንቱ ማለት እንኳ አይሆንልንም። እንደ ቤተሰብ ነው የምንጠራው። በትምህርት ቤት ተውኔቱን ሠርተናል፤ ሹሩባው የተጎነጎነው ሥዕሉ በየሳሎኑና በየሚኒባሱ ተለጥፎ አድገናል። ደግሞም ያለ ምክንያት አልተወደደም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሥ አገሪቱ በየመሳፍንቱ ተቆራርሳ ነበር። የባሪያ ንግድን ሊከለክል ሞክሯል፣ ሽፍታ ማረሻ እንዲይዝ አዝዟል፣ በዘመኑ መኳንንት ዘንድ ብዙ ሴት ማስቀመጥ ልማድ ሆኖ ሳለ ከተዋበች ጋር በቁርባን በአንድነት ኖሯል። መዝሙረ ዳዊት ይደግም ነበር። እግዚአብሔር እንደመረጠው ከልቡ ያምን ነበር። በቴዎሎጂ ኮሌጅ ሳለን ስለ እርሱ የጽሑፍ ሥራ ሠርተን ጥሩ ውጤት አግኝተንበታል። ያ ጽሑፍ አሁንም ቤታችን አለ፤ ባለፈው አውጥተን ስናነበው ወሎ የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያለበት፤ ሁለቱም ጊዜ «ዘመተ» ከሚለው ግስ ጋር።

ወሎ ግን በቴዎድሮስ ታሪክ ውስጥ መንገድ ላይ ያለፈበት አገር አይደለም። ከነገሠ በኋላ መጀመሪያ የዘመተው ወደዚህ ነው። መቅደላን ከወሎ ባላባቶች እጅ ነጥቆ ምሽጉና እስር ቤቱ አደረጋት። ከዚያ ወዲህ ወሎ አልገዛም እያለ ሲነሣ፣ እርሱም እየተመላለሰ ሲቀጣ ኖረ። ቅጣቱ ምን እንደነበረ የዘመኑ ምስክሮች፣ ወዳጆቹም ጠላቶቹም፣ ጽፈዋል፤ የእስረኛ እጅና እግር መቁረጥ፣ መንደር ማቃጠል፣ እህል ማውደም። የባላባት ልጆች ደግሞ መያዣ ሆነው መቅደላ ላይ ይታሰሩ ነበር።

ከእነዚህ መያዣዎች አንዱ የወይዘሮ ወርቂት ልጅ ነበር። ወርቂት በወሎ ጭፍራ ያላት፣ የምትፈራና የምትከበር ሙስሊም ባላባት ነበረች። በ1857 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ ላይ ሌላው የመቅደላ እስረኛ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የተያዘው የሸዋው ምኒልክ፣ በሌሊት አምልጦ ወደ እርሷ አገር ገባ። አሁን ይህቺን እናት አስቧት። የራሷ ልጅ አምባው ላይ በሰንሰለት አለ። ንጉሡ ከምንም በላይ የሚፈልገው ሸሽቶ የመጣ ወጣት ደግሞ በእጇ ገብቷል። ምኒልክን መልሳ ልጇን ልትለውጥበት ትችላለች። ተራኪዎች በዝርዝሩ ይለያያሉ፤ አንዳንዱ ልትለውጠው አስባ ነበር ይላል፣ ሌላው ከመጀመሪያውም እንግዳዬን አሳልፌ አልሰጥም አለች ይላል። መጨረሻው ላይ ግን ሁሉም ይስማማሉ። ቴዎድሮስ የምኒልክን ማምለጥና ወርቂት ዘንድ መድረስ ሲያውቅ በንዴት ልጇን አስገደለ፤ ሌሎች የወሎ መኳንንትም አብረው ተገደሉ፣ ሥጋቸውም ወደ ገደሉ ተወረወረ። ምኒልክ በሰላም ወደ ሸዋ አለፈ። በኋላ የአድዋ ድል የተነገረለት ንጉሥ በሕይወት የተረፈው በአንዲት ሐዘንተኛ እናት ደጃፍ አልፎ ነው።

እኛ ሰባኪዎች 2ኛ ሳሙኤል 21ን ብዙ አንሰብክበትም። ሪጽፋ የምትባል እናት አለች። ሁለት ልጆቿ በተራራ ላይ ተሰቅለው ሲቀሩ ማቅ ዘርግታ ከመከር ጀምሮ ዝናም እስኪወርድ ድረስ ቀን አሞራውን ሌሊት አውሬውን ስትከላከል የቆየች ናት። ምንም አትናገርም። አንድም ቃል። ወርቂትን ስናስብ እርሷ ትመጣብናለች፤ ልዩነቱ የወርቂት ልጅ ያለው ማንም ሊጠብቀው በማይችል የገደል ሥር መሆኑ ነው።

እስከዚህ ድረስ የነገሥታት ታሪክ ነው ብላችሁ ልታልፉት ትችላላችሁ። ቀጣዩ ግን የእኛው፣ የወንጌላውያኑ ታሪክ ነው።

ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ ከስዊዘርላንድ፣ ከባዝል አጠገብ ካለው ከቅድስት ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የተላኩ ወጣት ፕሮቴስታንቶች ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ሐሳቡ የአንጋፎቹ ሚሲዮናውያን የጎባትና የክራፕፍ ነበር። ልጆቹ የእጅ ሙያ ያላቸው ነበሩ፤ በሙያቸው እያደሩ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እያደሉ ወንጌልን በጸጥታ ይመሰክራሉ ተብሎ ታሰበ። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን፣ ኋላም ዛልሙለርና ዋልድማየር። ቴዎድሮስ ወደዳቸው፤ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አሰፈራቸው። ከመጽሐፉ ይልቅ ግን እጃቸውን ፈለገ። መንገድ ሥሩልኝ አለ፣ ሠሩ። ጠመንጃ ጠግኑልኝ አለ፣ ጠገኑ። ከዚያ መድፍ ሥሩልኝ አለ። አንችልም፣ ሙያችን አይደለም ብለው ነበር። ግፊቱ ሲበረታባቸው ሞከሩ፤ ከሸፈ፤ ደግመው ሞከሩ፤ ተሳካላቸው። መጨረሻ ላይ ሰባት ቶን የሚጠጋው ሴባስቶፖል ከእነዚህ የመጽሐፍ ቅዱስ አዳዮች ምድጃ ወጣ።

በእነርሱ ላይ መፍረድ ለእኛ ቀላል አይደለም። እምቢ ማለት ምን እንደሚያስከትል ያዩት ነበር። በ1856 ዓ.ም. ሌላው ሚሲዮናዊ ስተርን ስለ ንጉሡ በመጽሐፉ በጻፈው ምክንያት ተደብድቦ በሰንሰለት ታስሯል፤ የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮንም እንዲሁ ታስሯል። ዋልድማየር አገሩን አግብቶ ወልዶበታል፤ ንጉሡንም ይወደው ነበር። ደግሞ ከዚህ ከወጣ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄዶ ትምህርት ቤት፣ ኋላም ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ያቋቋመ ሰው ነው፤ በክፋት የሚታማ አይደለም። የሚያስፈራንም ይኸው ነው። ክፉ ሰዎች መድፍ ሠርተው ቢሆን ትምህርቱ አጭር በሆነ። በጎ ሰዎች፣ ጠዋት ማታ የሚጸልዩ፣ በሩ እንዳይዘጋብን እያሉ፣ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ ከማረሻ ወደ ጠመንጃ፣ ከጠመንጃ ወደ መድፍ። ለሥልጣን ቅርብ የሆነ አገልጋይ ሁሉ ጋፋትን ያውቃታል። እኛም በዘመናችን በተለያየ ቢሮ ደጃፍ ቆመን አውቀናታለን።

ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ሰው እንደ በሬ ጎተተው። ንጉሡ ራሱ ድንጋይ እያነሣ መንገድ ይጠርግ እንደነበር ያዩት መስክረዋል። መጋቢት 1860 ዓ.ም. ላይ አምባው ደረሰ፤ የናፒዬር ጦርም እስረኞቹን ሊያስፈታ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ እየቀረበ ነበር።

አሁን ቀኖቹን ልብ በሉልን። በመማሪያ መጻሕፍት የምናገኘው ሚያዝያ 6 ቀን፣ ሰኞ፣ ቴዎድሮስ ሽጉጡን ጠጥቶ እጄን ለባዕድ አልሰጥም ያለበት ቀን ነው። ያ ሰኞ የትንሣኤ ማግስት ነበር። ከዚያ በፊት ዓርብ፣ ሚያዝያ 3፣ አሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ፤ ሰባት መቶ ያህል ኢትዮጵያውያን ወደቁ፣ ከእንግሊዞች ወገን የሞቱት ሁለት ናቸው። ያ ዓርብ ስቅለት ነበር። ከዚያ በፊት ያለውስ? ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2፣ ጸሎተ ሐሙስ። ቴዎድሮስ የዚያን ዕለት እስላምጌ ላይ የአገሩን እስረኞች እየፈታ ነበር። ብዙዎችን ፈታ። ተራቸው ያልደረሰ ቀሪዎች ረኃቡና ጥማቱ ቢጠናባቸው እንጀራና ውኃ ብለው ጮኹ። ጩኸቱ አናደደው። ሰይፉን መዘዘ። እየተጎተቱ ከገደሉ አፋፍ ተወረወሩ፤ በሕይወት የተረፈውን ወታደሮች ከላይ ሆነው በጥይት ጨረሱት። በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። አብዛኞቹ ያገሩ ልጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ለምን እንደታሰሩ እንኳ ታሳሪውም አሳሪውም የረሳው።

እማማ «ገደሉ» ያሉት ይህ ነው።

ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበባት፣ እንጀራ ቆርሶ ያካፈለባት ሌሊት በምትታሰብበት ዕለት፣ ዳዊት የሚደግም ክርስቲያን ንጉሥ እንጀራ ብለው የጮኹትን ወደ ገደል ሰደደ። ስለ እርሱ ብዙ ካነበብን በኋላ የቀረብን ስሜት ይህ ነው፦ ጨካኞች እምነት የሌላቸው ሰዎች ናቸው የሚለው ቀላል አባባል አያስኬድም። ቴዎድሮስ ያምን ነበር። ያን ሌሊት ስላደረገው ተጸጽቷል የሚሉም አሉ፤ ይሆናል። ችግሩ እግዚአብሔርን አለማመኑ ላይ አልነበረም፤ እግዚአብሔር ከእኔ ጋር ነውና የተቃወመኝ ሁሉ እርሱን ተቃወመ ብሎ ማመኑ ላይ ነበር።

እንግሊዞቹስ? ቅዳሴ ላይ እንዳሉ አንቁጠራቸው። እስረኞቻቸውን ካስፈቱ በኋላ መቅደላን ዘረፏት፣ አቃጠሏት፤ ታቦትና ብራና በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ሄዱ፤ ሕፃኑን አለማየሁንም ወስደው በባዕድ አገር በአሥራ ስምንት ዓመቱ ቀበሩት።

አንድ ሰው ቴዎድሮስ ከሞተ በኋላ ወሎ ዐረፈ ቢል እዚሁ ደሴ አፍንጫ ሥር ያለችው ቦሩ ሜዳ ትመሰክርበታለች። በግንቦት 1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ንጉሥ ምኒልክን አስከትለው እዚያ ጉባኤ ጠሩ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረው የልደት ክርክር ተፈረደ፤ ከዚያ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ሹመት ያለው ወይ ይጠመቅ ወይ ሹመቱን ይልቀቅ ተባለ። መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና አባታቸው አፄ ዮሐንስ ራሳቸው ሆኑ። ሼህ ጠልሃ ደግሞ አንጠመቅም ብለው ተዋጉ። ብዙው ሕዝብ ቀን ቀን ማተብ አስሮ ሌሊት ሌሊት ሰላቱን ይሰግድ ነበር ይባላል። አፄ ዮሐንስ በኋላ በመተማ ለአገራቸው ሞተዋል፤ ደሴንም ስም ያወጡላት እርሳቸው ናቸው ተብሎ ይነገራል። ወሎዬ ሁለቱንም አብሮ ይዞ ነው የሚኖረው፤ ስሟን ያወጣላትንም፣ ስሙን ያስቀየረውንም።

በደሴ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሼህ አሉ። ቡና ስንጠጣ እኛ «ግራኝ» ስንል እርሳቸው «ኢማም አሕመድ» ይላሉ፤ ስለ አንድ ሰው ነው የምናወራው። እኛ በ1524 ዓ.ም. ስለተቃጠለችው መካነ ሥላሴ እንናገራለን፤ እርሳቸው ስለ ቦሩ ሜዳ ይናገራሉ። አንዴ ሳቅ ብለው፣ «የእናንተ ጨካኝ የእኛ ጀግና፣ የእኛ ጨካኝ የእናንተ ጀግና። ሬሳው ግን የሁላችንም ወሎዬ» አሉን። መልስ አላገኘንላቸውም። በጣሊያን ጊዜ፣ በኅዳር 1928 ዓ.ም. አውሮፕላን ደሴን ሲደበድብ ቦምቡ ቀይ መስቀል የተሳለበትን የሚሲዮን ሆስፒታል እንኳ አልማረም፤ መስጊድና ቤተ ክርስቲያንም አልለየም። የዚያን ጊዜ ሁለታችንም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነበርን።

የተጠመቁት መሐመድ አሊ፣ ንጉሥ ሚካኤል ሆነው አይጠየፍ አዳራሽን ደሴ ላይ ሠሩ። ስሙን ተመልከቱት። ቦሩ ሜዳ ላይ ደግሞ፣ ሕዝብ በትእዛዝ በተጠመቀበት ሜዳ፣ ብዙ ዓመት ቆይተው ሌሎች ሚሲዮናውያን መጥተው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ቁስል ያጥቡ ነበር። ማንንም ለማጠብ እምነቱን አልጠየቁም። እኛ በልጅነታችን ያየነው የወንጌል ሰው መልክ ይህ ነበር፤ በደርግ ጊዜ አዳራሾቻችን ሲታሸጉም ወደ አእምሯችን ይመጣ የነበረው ይኸው ነው እንጂ ጋፋት አልነበረም።

ወደ ወጣቱ ወንድማችን ጸሎት እንመለስ። 1ኛ ሳሙኤል 8 ላይ ሕዝቡ ንጉሥ ይስጠን ያለው ከክፋት አይደለም። ጠላት በዙሪያቸው አለ፣ የሳሙኤል ልጆች ጉቦ በልተዋል፣ ደክሟቸዋል። በፊታችን የሚወጣ፣ ጦርነታችንን የሚዋጋልን እንፈልጋለን ነው ያሉት። በ2014 ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያላለቀሰ ሰው ይህን ጸሎት ይንቀፈው፤ እኛ አንነቅፈውም። ግን እግዚአብሔር በሳሙኤል በኩል የሰጣቸውን ማስጠንቀቂያ ስታነቡ አንድ ቃል እየተመላለሰ ይመጣል፤ ይወስዳል። ወንዶች ልጆቻችሁን ይወስዳል፣ ሴቶች ልጆቻችሁን ይወስዳል፣ እርሻችሁን ይወስዳል። ስለ ጠላት የሚወስደው ነገር አንድም ቃል የለም። የሚዘረዘረው የራሳቸው ንጉሥ ከራሳቸው የሚወስደው ነው። ኢሳይያስ 10ም እንዲሁ ነው፤ አሦር በእግዚአብሔር እጅ ያለ በትር ይባላል፣ በትር መሆኑ ግን ንጹሕ አላደረገውም፤ ሥራው ሲያልቅ በትሩም ይፈረድበታል። እግዚአብሔር በጨካኝ ሊጠቀም ይችላል። ጨካኝ እንዲልክልን መለመን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ልመናው ከተሰማ በአንድ ሰው ልጅ ላይ ነው የሚፈጸመው። ያንን ጸሎት አሜን ስንል የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቅንም።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ከወጣቶቹ ጋር ወደ መቅደላ ሄድን። ሐሳቡን ያመጣው ራሱ ያ የጸለየው ወንድም ነው። እማማን እንዲመጡ ብንለምናቸው፣ «አውቀዋለሁ፤ እናንተ ሂዱ» አሉ። በኩታበር አድርገን ወደ ተንታ፣ ከዚያ በእግር። ሴባስቶፖል ሜዳ ላይ ተጋድሟል፤ ፀሐይ ላይ ስለዋለ እጅ ያቃጥላል። ልጆቹ ተራ በተራ ተደግፈውት ፎቶ ተነሡ፤ እኛም ተነሣን፣ ምን ይደረግ። ከዚያ አንድ ያገሩ ገበሬ ወደ አፋፉ ወሰደን።

የጸለየው ወንድማችን፣ «አባቴ፣ የወረወሯቸው በየት በኩል ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። ሰውየው በዱላቸው አመለከቱት። ወደ ታች ለረጅም ጊዜ አየ። ስልኩን ኪሱ ከተተና ጫፉ አጠገብ ቁጭ አለ። አንዳችን እንጸልይ ብንል ማንም አልጀመረም። ገበሬው ምን እንደሆንን ግራ ገብቷቸው፣ «ዘመድ አላችሁ እንዴ እዚህ?» አሉን። እርሱ ቀና ሳይል፣ «አዎ አባቴ» አላቸው።